«ሒሳብ አይገባኝም» የሚለው ፍርድ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራችን ከገባነው ተማሪዎች መካከል ጥቂቶቻችን ወደ አንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጋብዘን ሄደን ነበር። የጥሪው ምክንያት «ልጆቹን አበረታቱልን፤ ሒሳብን በጣም ይፈሩታል» የሚል ነበር። እኛም የተጠየቅነውን ፈጸምን። ለክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት በተሰበሰቡት ተማሪዎች ፊት በየተራ እየቆምን፥ «ሒሳብ አያስፈራችሁ፤ እኛም እንደ እናንተ ከዚሁ ዓይነት ወንበር ተነሥተን ነው እዚህ የደረስነው፤ በራሳችሁ ተማመኑ፤ ትችላላችሁ» አልን። ተጨበጨበልን፤ ሻይም ተጋበዝን።

ጭብጨባው ካበቃ በኋላ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ ወደ አንዳችን ቀረበችና፥ «ጋሼ፥ ‹እችላለሁ› ማለቱንስ እላለሁ። ግን ይኸ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» ስትል ጠየቀች። በደብተሯ ላይ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን የሚባለው ዓይነት ጥያቄ በስድስት መሥመር ተሠርቶ ነበር። ሥራው በሙሉ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ በጎኑ ዜሮ ተጽፎበታል፤ ሌላ ቃል የለበትም። መሥመር በመሥመር ስንከተለው ግን አምስቱ መሥመር ምንም እንከን አልነበረባቸውም። ስሕተቱ የተገኘው በመጨረሻው መሥመር ላይ ነው፤ «ሁለት ኤክስ ሲደመር አንድ እኩል ይሆናል ዜሮ» ከሚለው ተነሥታ ኤክስን ኔጋቲቭ ግማሽ ማለት ሲገባት ግማሽ ብላዋለች። ይኸንኑ ስናሳያት ደብተሯን ጥቂት ጊዜ ትክ ብላ አየችና፥ «ይኸው ብቻ ነው? እንግዲያ ሌላውን ዐውቀዋለሁ ማለት ነዋ!» አለች።

በአንድ ሰዓት ንግግር ያልሰጠናትን መተማመን ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ሥራ አገኘችው። ይኸ ጽሑፍ ከዚያ ዕለት በኋላ እርስ በርሳችን ካደረግነው ክርክርና ግለ ሂስ የመጣ ነው። በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ ጓዶቻችን እንድትወያዩበት፥ ካሳሳትነውም እንድታርሙን እናቀርበዋለን።

የምንለው በአጭሩ ይኸ ነው። አንድ ተማሪ በሒሳብ ላይ ያለው መተማመን አብሮት የተወለደ ጠባይ አይደለም፤ ከመድረክ በሚነገር ምክርም አይተከልም። ሠርቶ ካገኘው፥ ስሕተቱም ተነግሮት ካረመው ሥራ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠራቀም ጥሪት ነው። እንዲህ ከሆነ «ሒሳብ አይገባኝም» የሚል ተማሪ ስለ ራሱ አእምሮ የሚመሰክር ይመስለዋል እንጂ፥ በእርግጥ የሚናገረው ሌሎች የፈረዱበትን ፍርድ ነው።

ፍርዱ የሚጀምረው ከቃል ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ልማድ ጥያቄውን የሠራ «ጎበዝ»፥ ያልሠራ «ሰነፍ» ይባላል። ጎበዝ ማለት ደፋር፥ ብርቱ፥ ለአገሩ የሚቆም ወጣት ማለት ነው፤ ሰነፍ ማለት ደግሞ ሥራ የሚጠላ፥ የሚለግም ማለት ነው። ሁለቱም የጠባይ ስሞች ናቸው። ክፍልፋይ መደመር በ5ኛ ክፍል ሳይገባው ያለፈ ልጅ በ9ኛ ክፍል «ሰነፍ» ሲባል፥ ማንም ተመልሶ ያላስረዳውን ነገር ስላላወቀ በጠባዩ ተወቀሰ ማለት ነው። ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ፍርድ ይከተላል፤ «ጭንቅላቱ ለሒሳብ አልተፈጠረም» ይባላል። የመጀመሪያው ፍርድ ጥፋቱን በልጁ ፈቃድ ላይ፥ ሁለተኛው በፈጣሪ ላይ ይጥላል። በሁለቱም ፍርድ ትምህርት ቤቱ ነጻ ይወጣል።

ይኸ ችግር የእኛ አገር ብቻ ነው ብለን አንመጻደቅም፤ ራሳችንንም አናዋርድም። በምንማርበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ስናስጠና፥ ጥሩ መጽሐፍና ኮምፒዩተር አጥተው የማያውቁ ወጣቶች «እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም» ሲሉ እንሰማለን። በ15 ዓመት ዕድሜ ያሉ ተማሪዎችን የሚያወዳድረው ፒዛ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና እ. ኤ. አ. በ2012 ስለ ሒሳብ በጠየቀ ጊዜ፥ በበለጸጉት አገሮች ከመቶው 59ኙ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይከብደኛል ብለው ብዙ ጊዜ እንደሚጨነቁ ተናግረዋል። በዚያው ጥናት ልጃገረዶች በፈተናው ከወንዶች እኩል ነጥብ ባገኙበት ጊዜ እንኳ በራሳቸው የነበራቸው መተማመን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መተማመን በችሎታ ልክ ብቻ የሚሰፈር ቢሆን ኖሮ እኩል የሠሩት እኩል በተማመኑ ነበር።

ታዲያ መተማመን ከየት ይመጣል? በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ እ. ኤ. አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፉ አራት ምንጮችን ዘርዝሯል። አንደኛው ሰው ራሱ ሠርቶ ያገኘው ውጤት ነው፤ ከሁሉም የሚበረታው ይኸ ነው። ሁለተኛው እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሠራ ማየት ነው። ሦስተኛው ሌሎች የሚሉት ቃል ነው። አራተኛው በሥራው ጊዜ ሰውነቱ የሚሰማው ስሜት ነው፤ ልብ ሲመታ፥ እጅ ሲያልብ፥ ተማሪው ይኸንኑ የአለመቻል ምልክት አድርጎ ይቈጥረዋል። እነዚህን አራቱን ይዘን ወደ አገራችን ትምህርት ቤት እንመለስ።

ሠርቶ ማግኘት የሚባለውን እንመልከት። ያቺን ልጅ የሚያስተምራት መምህር ስድሳ ስድሳ ተማሪ ያለባቸው አምስት ክፍሎች አሉት። ሦስት መቶ ደብተር ማለት ነው። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢያጠፋ አሥር ሰዓት ይፈጅበታል። በዚህ ሁኔታ ከዳር እስከ ዳር የሚሰምረው ቀይ መሥመር የመምህሩ ክፋት ሳይሆን የቊጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን ልጅቱ ይኸን ሒሳብ አታውቅም፤ እሷ የምታየው ዜሮውን ብቻ ነው። አምስቱን መሥመር በትክክል መሥራቷን የነገራት ስለሌለ፥ ሠርታ ያገኘችውን ነገር እንዳላገኘች ቈጠረችው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሳይሠሩ ማግኘት ነው። ኩረጃ በትምህርት ቤቶቻችን ተስፋፍቶ የኖረ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ እኛም አይተነዋል። ብዙዎቻችን የምንቃወመው ስለ ፍትሕ ብለን ነው። ሌላም ጉዳት አለው። የኮረጀ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል፥ ነጥቡ ግን የራሱ አለመሆኑን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዓመት በዓመት እየተሻገረ በሄደ ቊጥር «ብቻዬን ብቀመጥ አልችልም» የሚለው እምነቱ ይጠነክራል። ከ2014 ዓ. ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ የታየው ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ. ም. 3.2፥ በ2016 ዓ. ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ. ም. ከ1,300 በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይኸ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ትምህርት ድምር ነው። እውነቱ መገለጡን እንደግፋለን። ነገር ግን አንድም ሰው ካላለፈበት ትምህርት ቤት ውስጥ በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ምን ብሎ እንዲማር ይጠበቃል? ሁለተኛው ምንጭ፥ ማለት እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት፥ ለዚህ ልጅ ደርቋል።

ቋንቋውንም መርሳት አይገባም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ይኸም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሒሳቡ ግን እንደየክልሉ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ፥ በመላ አገሩም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፥ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። «ቀሪ»፥ «አካፋይ»፥ «ብዜት» እያለ ያሰላ የነበረ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ቃላቱን ሁሉ ይነጠቃል። ጥያቄውን መሥራት ያቃተው ይመስለዋል፤ ያቃተው ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ማንበብ ነው። እኛ ሁለተኛ ደረጃ በተማርንበት ዘመን ደግሞ እ. ኤ. አ. ከ2004 ወዲህ የመጣው የፕላዝማ ትምህርት ነበር። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በማናውቀው ቅላፄ ጥያቄ ያቀርባል፥ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፥ «ጨረሳችሁ?» ይልና መልሱን ጽፎ ይቀጥላል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። ለክፍሉ መምህር የቀረለት የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ስክሪኑ እጅ ያወጣ ልጅ አያይም፤ «ይደገምልኝ» ቢባልም አይሰማም። ብዙዎቻችን ሒሳብ ማለት ሁልጊዜ ሌላው ሰው ቀድሞ የሚጨርሰው ነገር ነው የሚል ስሜት ያደረብን በዚያን ጊዜ ነው።

የልጃገረዶች ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ሠርቶ ማግኘት ጊዜ ይፈልጋል። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን የሚከፍትበት ሰዓት፥ እሷ ውሃ የምትቀዳበትና እንጀራ የምትጋግርበት ሰዓት ነው። በማግሥቱ ጥያቄውን ሠርቶ የመጣው ወንድሟ «ጎበዝ» ይባላል፤ እሷ ያጣችው ሰዓት ግን በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ይኸ በየዓመቱ ሲደጋገም «ሒሳብ የወንድ ነው» የሚለው ተረት ማስረጃ ያገኘ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓዶች የሚያነሡብንን ተቃውሞ በቅንነት እናቀርባለን። «ልጆቹ ወንበር፥ መጽሐፍና ምሳ ሳይኖራቸው ስለ መተማመን ማውራት የጠገበ ሰው ሥነ ልቡና ነው» ይሉናል። መተማመንን በወንበርና በመጽሐፍ ምትክ የምናቀርበው ቢሆን ኖሮ ተቃውሟቸው በሙሉ ትክክል በሆነ ነበር። ባለፈው ክረምት ያደረግነውም ይኸንኑ ነው፤ ምንም ሳንይዝ ሄደን «ትችላላችሁ» አልን። በዚህ ጥፋታችንን እናምናለን። «በራስህ ተማመን» የሚለው ምክር ብቻውን ሲነገር፥ የማይሳካለት ልጅ ጥፋቱን እንደ ገና በራሱ ላይ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ነገር ግን መጽሐፉና ወንበሩ ቢሟላም እንኳ ያ ቀይ መሥመር እንዳለ ከቀረ ልጅቱ ስሕተቷን አታገኘውም። ስለዚህ ሁለቱን ማጋጨት አይገባም። መተማመን የኑሮው ሁኔታ በተማሪው ውስጥ የሚተወው አሻራ ነው።

ሁኔታውን በመለወጥ መተማመንን መገንባት እንደሚቻል የሚያሳይ ታሪክ እዚሁ በምንኖርበት አገር አለ። እ. ኤ. አ. በ1970ዎቹ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ሰው ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ስለሚወድቁበት ምክንያት መረመረ። መምህራኑ «ፍላጎት የላቸውም፤ ቤተ ሰባቸው ስለ ትምህርት ግድ የለውም» ይሉ ነበር። ትራይስማን ከተማሪዎቹ ጋር ውሎ አድሮ ሲመለከት ይኸ ሁሉ ሐሰት ሆኖ አገኘው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች በትጋት ያጠኑ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነበር። ጥሩ ውጤት የሚያመጡት ቻይናውያን ተማሪዎች ግን ተሰብስበው ይሠሩ፥ አንዱ የሌላውን ሥራ ያርም፥ ማንም ያልሠራው ጥያቄ ሲገኝ ጥያቄው ከባድ እንጂ እነሱ ደካሞች እንዳልሆኑ ያውቁ ነበር። ብቻውን የሚያጠናው ተማሪ ግን ይኸን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ያልሠራው ጥያቄ ሁሉ የእሱ ድክመት ብቻ ይመስለዋል። ትራይስማን ተማሪዎቹን ለደካሞች ማስጠኛ ብሎ አልጠራቸውም፤ ከባድ ጥያቄ ሰጥቶ በአንድነት አሠራቸው። ውጤታቸውም ተለወጠ።

ሮበርት ሞዝስን ደግሞ የምናነሣው ለእኛ ትውልድ ምሳሌ ስለሚሆን ነው። በ1960ዎቹ እ. ኤ. አ. በሚሲሲፒ ጥቁር ገበሬዎች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ የሠራ ሰው ነበር። በኋላም በታንዛኒያ ሒሳብ አስተማረ፤ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በ1982 እ. ኤ. አ. የአልጄብራ ፕሮጀክት የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ እስካረፈበት እስከ 2021 እ. ኤ. አ. ድረስም አልተወውም። አልጄብራ የተከለከለ ልጅ እንደ ምርጫ ካርድ ሁሉ የዜግነት በር እንደ ተዘጋበት ያምን ነበር። በእኛም አገር በ2000ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ሲወሰን፥ ሒሳብ የፈራ ልጅ በየትኛው በር እንዲገባ እንደ ታሰበ አልተነገረንም።

የባዕድ አገር ምሳሌ ብቻ ጠቀሱ እንዳንባል ወደ ራሳችን እንመለስ። በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የሚማር የቆሎ ተማሪ የ2017 ዓ. ም.ን በዓላትና አጽዋማት ለማውጣት ዓመቱን ከ5,500 ጋር ደምሮ 7,517 ያገኛል፤ ለ19 ሲያካፍለው 12 ይቀራል፥ አንድ ቀንሶ 11 ወንበር ይለዋል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲያካፍል የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው፤ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲያካፍል የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ 11ና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 ናቸውና። ይኸ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ በትልቅ ስም የተማርነው የቀሪዎች ሒሳብ ነው። ያ ተማሪ «ጭንቅላቴ ለሒሳብ አልተፈጠረም» አይልም። ዱላውንና ሽምደዳውን አናወድስም። የምናየው ሌላውን ነው፤ በሚያውቀው ቃል ይሰላል፥ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ተማሪ ያስረዳዋል፥ እሱም በተራው ከታቹ ላለው ያስረዳል፥ መልሱም ትክክል መሆን አለመሆኑን ደምሮ ራሱ ያረጋግጣል። ከባንዱራ ምንጮች ስንቱ እዚህ እንዳለ አንባቢ ይቊጠር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በውጭ የምንማር ሰዎች በክረምት ወደ አገር ስንገባ የማበረታቻ ንግግር ይቅርብን። እያንዳንዳችን ጥቂት ተማሪዎችን ይዘን ደብተር እናርም። ሥራ በሙሉ አንሰርዝ፤ መጀመሪያ የተሳተው መሥመር የትኛው እንደ ሆነ እናሳይ፥ እስከዚያ ድረስ ያለው ትክክል መሆኑንም በጽሑፍ እንንገር።

2ኛ፤ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ቃላትን ከእንግሊዝኛው ጎን በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ፥ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን የሚያስረዳ፥ ምሳሌው ከገበያ፥ ከዕቁብና ከእርሻ የተወሰደ ትንሽ መጽሐፍ በጋራ እናዘጋጅ። ከመካከላችን ይኸን ለመሥራት የሚያንስ ዕውቀት ያለው የለም፤ የጐደለን ጊዜ መስጠት ነው።

3ኛ፤ በአገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ከአራትና ከአምስት ሆናችሁ ማጥናት ጀምሩ። መልስ መስጠት ክልክል ይሁን፤ «እንዴት አገኘኸው? እንዴት አገኘሽው?» መባባል ግን ግዴታ ይሁን። የጥናቱ ሰዓት ልጃገረዶች ሊገኙበት የሚችሉት ሰዓት እንዲሆን፥ ወንድሞችም ውሃውን በተራ እንዲቀዱ ይደረግ።

4ኛ፤ ይኸ ሁሉ ኃላፊነት ያለባቸውን ክፍሎች ከኃላፊነታቸው አያወጣም። አንድ መምህር ሦስት መቶ ደብተር እንዲያርም የሚያስገድደው ሁኔታ እንዲለወጥ፥ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው መሻገሪያ ድልድይ እንዲኖረው መጠየቃችንን አናቋርጥም። የእኛ የክረምት ሥራ የመምህርን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ አይገባምም።

ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄደን ከነበርነው መካከል በሚመጣው ክረምት የምንመለሰው፥ በመድረክ ላይ ላለመውጣት ተስማምተናል። ከየክፍሉ ጥግ ተቀምጠን ደብተር የሚያመጣልንን ልጅ እንጠብቃለን። ያቺ ልጅ ያን ጊዜ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ይሆናል። እሷም እንደ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ታናናሾቿን እንደምታስጠና ሆና ከጐናችን እንድትቀመጥ እንጠይቃታለን፤ የተበላሸው የቱ ጋ እንደ ሆነ መፈለግን ከማናችንም በፊት የጀመረችው እሷ ናትና።